ሱፐርቻርጀር ከመግባቱ በፊት፦ የቶዮታ 86 ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2013 ሞዴል ቶዮታ 86 ናት፤ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል። ሞተሯ 2.0 ሊትር ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ 200 የፈረስ ጉልበትና 205 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) አላት። አዘቦት ቀን ከካሳንቺስ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ እነዳታለሁ። እረፍት ሲኖረኝ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ እወርዳለሁ፤ አልፎ አልፎም እስከ አዋሽ።

ዱባይ ያለ ዘመዴ ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ በማስገባት ጉልበት የሚጨምር ዕቃ) ልኮልኛል። በቺንጋ የሚዞር ሴንትሪፉጋል ነው። በባሕር ጠለል ላይ 0.5 ባር ግፊት እንዲሰጥ የተዘጋጀ ኪት ነው። ቶሎ ይግጠም የሚለኝ ሰው በዝቷል። እኔ ግን አቋሜ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ይዘጋጁ፤ ጉልበቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። እዚህ ከተማ የማየው ተገላቢጦሹን ነው። ሰው ጉልበት ይጨምራል፣ ወዲያው የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ይሸተዋል፣ ከዚያ ካምቢዮ የሚያወርድለት ጋራዥ ፍለጋ ይሮጣል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የፋብሪካው ፍሪሲዮን ይበቃል ወይስ ይቀየር? ከተቀየረ ምን ዓይነት? ከሱ በኋላስ ቀድሞ የሚሰበረው የትኛው ነው?

ክሩ (በመድረኩ ላይ የተከታተሉት ምላሾች) እየረዘመ ሲሄድ በስልክ የሚያነቡ ልጆች ተቸገርን ስላሉ ምላሾቹን በተራቸው፣ በራሴ አነጋገር፣ እዚሁ ሰብስቤአቸዋለሁ።

ምላሽ 1

እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀመረና ሱፐርቻርጀሩ በእርግጥ ሴንትሪፉጋል መሆኑን እንዳረጋግጥለት ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሩትስና የስክሪው ዓይነቶቹ ሞተሩ ገና በዝቅተኛ ዙር ላይ እያለ ግፊታቸውን ይሰጣሉ። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ላይ ድንገት ነው የሚጫኑት። የሴንትሪፉጋሉ ግፊት ግን ከሞተሩ ዙር ጋር እያደገ ይሄዳል፤ ትልቁ ጉልበት የሚመጣው ቀይ መስመሩ አካባቢ ነው። በሱ አባባል የኔው ዓይነት ለፍሪሲዮንም ለማርሽ ጥርስም ይራራል።

አንድ ነገር ጨመረ፤ ሁላችንም ብንይዘው ጥሩ ነው። ፍሪሲዮን የሚሸከመው ቶርክን እንጂ የፈረስ ጉልበትን አይደለም። ስለዚህ ሻጭ ይህ ፍሪሲዮን 300 የፈረስ ጉልበት ይችላል ካለህ በስንት ኒውተን ሜትር ብለህ መልሰህ ጠይቀው ብሏል። መልስ ከሌለው ዕቃውን ለራሱ ተውለት።

ምላሽ 2

ፎቶ ጠየቀ። ለጠፍኩለት።

ምላሽ 3

ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ያላቸው አንድ ጋሼ ናቸው። እሳቸው ሲጽፉ ሁሉም ቆም ብሎ ያነባል። ፍሪሲዮን ለብቻው አይቀየርም ነው ያሉት። ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ዲስኩ፣ ፕሬዠር ፕሌቱ (ዲስኩን ተጭኖ የሚይዘው)፣ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ፣ ቦላኖው (ከሞተሩ ክራንክ ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) መሃል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታና የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል አብረው ይታያሉ። የእጅ ዋጋው ያው ነው። አንዲት ኩሽኔታ ልቆጥብ ያለ ሰው ያንኑ ካምቢዮ ሁለቴ ያስወርዳል። በ86 ላይ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ቶሎ መጮህ ይወዳል። ስለዚህ ኩሽኔታውን የሚገፋው ሹካም ጫፉ መበላት አለመበላቱ ይፈተሽ አሉ።

ቀጥሎ ስለ ቦላኖው የጻፉት ለኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ቦላኖው ሲወጣ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉታል። ወደ ብርሃን ያዘነብሉታል። ሰማያዊ ነጥብ ካዩ እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ በሙቀት ጠንክሯል ማለት ነው። ከዚያ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከመሃል ወደ ዳር ቀስ አድርገው ይጎትቱበታል። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጥፍር ያገኘዋል። ስንጥቁ ወደ ብሎን ቀዳዳዎቹ ከተጠጋ ቦላኖው አለቀለት፤ ይጣላል።

ስንጥቅ ከሌለውና ነጥብ ብቻ ከሆነስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቶርኖ ቤት ይወስደዋል። ጋሼ ይህን አይወዱትም። የቶርኖው ቢላ የጠነከረው ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘላል፤ ጉብታ ትቶ ያልፋል። አዲሱ ሸራ ያቺን ጉብታ ሲያገኛት መኪናዋ ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች። ባለቤቱም ዲስኩ ፎርጅድ ነው ብሎ ሻጩን ይከሳል። መፍትሔው በድንጋይ የሚፈጭ ማሽን ያለው ቤት መውሰድ ነው።

ምላሽ 4

አንዲት የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ እህታችን ክሩን ወደ ሌላ ደረጃ አወጣችው። ሁላችንም የምናወራው በባሕር ጠለል ቁጥር መሆኑን አስታወሰችን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ሲሆን እዚህ ወደ 76 ይወርዳል። በራሱ ሳንባ የሚተነፍስ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን እዚህ ያጣል። ስለዚህ የኔ መኪና 205 ኒውተን ሜትር የሚባለው በወረቀት ነው። ቸርችል ላይ በተግባር የሚገኘው ወደ 155 ነው።

ስሌቱን ቀጠለች። 0.5 ባር የሚሰጥ ኪት የሚያደርገው የሚገባውን አየር አንድ ተኩል እጥፍ አድርጎ መጭመቅ ነው። እዚህ 76ን ወደ 114 ያደርሰዋል። ጌጁ ላይ የሚታየው 0.5 ሳይሆን 0.38 ባር አካባቢ ነው። ከዚያም ላይ ሱፐርቻርጀሩ ራሱን ለማዞር የሚበላው ጉልበት አለ፤ የጋለው አየር የሚቀንሰው አለ። በአጭሩ ሱፐርቻርጀሩ አዲስ አበባ ላይ የሚያደርገው ከፍታው የወሰደብንን መመለስና ጥቂት መጨመር ነው። ባለ ፒስተን አውሮፕላኖች ላይም ሱፐርቻርጀር ትልቅ ቦታ ያገኘው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ነገረችን፤ ሽቅብ ሲወጡ የሚሳሳውን አየር ለመተካት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ መነሻ ጽሑፌን በአዲስ ዓይን ነው ያየሁት። ከውጭ አገር መድረኮች የምንገለብጣቸው ምክሮች በሙሉ የተጻፉት ለቆላ ነው።

ምላሽ 5

እንዲህ ከሆነማ የፋብሪካው ፍሪሲዮን ይበቃል፤ ገንዘብህን አታባክን ብሎ በደስታ ዘጋው። ቶዮታ ፍሪሲዮኑን የሠራው ለ205 ነው፤ አንተ ደግሞ እዚህ የምታገኘው ከዚያ ብዙም አይበልጥም የሚል ነው ሐሳቡ። ለአዲስ አበባ ብቻ ከሆነ ስሌቱ ልክ ነው።

ምላሽ 6

ስድስተኛው ይህን አረመ። መኪናዋ አዲስ አበባ ላይ አትታሰርም አለ። አዳማ 1,712 ሜትር ላይ ናት፤ ግፊቱ 82 ኪሎፓስካል ይሆናል። አዋሽ 1,000 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ 90 ይደርሳል። በአንድ ተኩል ሲባዙ አዳማ ላይ 123፣ አዋሽ ላይ 135 ይመጣል። ቁልቁል በወረድክ ቁጥር ያው ሱፐርቻርጀር፣ ያው ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ)፣ ሳትነካው ጉልበት ይጨምርልሃል። አንድ ቀን ጅቡቲ ልድረስ ብትል ደግሞ 152 ነው፤ ቶርኩም ወደ 290 ይጠጋል። ስለዚህ ፍሪሲዮን የሚመረጠው መኪናዋ በምትኖርበት ከፍታ ሳይሆን በምትደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ነው አለ።

የ4ኛዋን ስሌት ከ6ኛው ጋር አጣምሮ ያነበበ ሰው የጥያቄዬን ግማሽ መልሷል። ከቃሊቲ ተነስቶ በፈጣን መንገዱ ቁልቁል እየወረዱ በትልቅ ማርሽ ነዳጅ ረግጦ ዙሩን ማሳደግ ማለት ትልቅ ጭነት ነው። ደካማ ፍሪሲዮን የሚጋለጠው እዚያ ነው።

ምላሽ 7 እና 8

አዳማ ቁርስ የት ይሻላል የሚል ጨዋታ ተነሳ። ስለ ክትፎም ተወራ።

ምላሽ 9

አንድ ጎረምሳ ገባ። ጎማ ማስጮህ የሚወድ ልጅ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ባለ 6 ጥፍር (ሸራው በስድስት ቁራጭ የተከፈለ) ሴራሚክ ዲስክ አስገባ፣ ቦላኖውንም በቀላል አሉሚኒየም ቀይረው፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው አለ። ሴራሚክ ሙቀት ይችላል፤ ቀላል ቦላኖ ደግሞ ዙሩን ቶሎ ያነሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ለውድድር ሜዳ ቢሆን እኔም እስማማለሁ።

ምላሽ 10

ጋሼ ተመለሱ፤ የመጀመሪያው ለስላሳ አነጋገራቸው ግን የለም። ልጁን ከለገሃር ተነስተህ በቸርችል ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት በሥራ መውጫ ሰዓት ነድተህ ታውቃለህ ወይ ብለው ነው የጠየቁት። እዚያ ዳገት ላይ ፊትህ ሚኒባስ ድንገት ይቆማል፤ ኋላህ አይሱዙ ተጠግቶሃል። ባላንስ መያዝ፣ ማለትም መኪናዋን ዳገቱ ላይ በፍሪሲዮን ግማሽ ይዘህ ማቆም አለብህ። ሴራሚክ ባላንስ አያውቅም፤ ወይ ይነክሳል ወይ ይለቃል። መኪናዋ እየዘለለች ትነሳለች፣ ወይም ትጠፋብሃለች። ቀላል ቦላኖ ሲታከልበት ደግሞ ሞተሩ ለመነሻ የሚያከማቸው ጉልበት ስለሚያንስ ነገሩ ይብሳል።

የሳቸው ምክር ይህ ነው። ዲስኩ ጥሩ ኦርጋኒክ ሸራ ይሁን። መያዣውን ከፍ የሚያደርገው ጠንከር ያለ ፕሬዠር ፕሌት ይሁን። ቦላኖው የብረቱ፣ የፋብሪካው ይቆይ። ኬቭላር ለሚሉትም መልሰዋል። ለስላሳ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን አንዴ ካቃጠልከው ላዩ እንደ መስታወት ይሆንና ድሮ ወደነበረበት አይመለስም። በኛ ትራፊክ ደግሞ አለማቃጠል ቀላል አይደለም።

ምላሽ 11

ጎረምሳው ተናደደ። የጋራዥ ሰዎች ከዲኤክስና ከሚኒባስ ውጭ አያውቁም፤ ዘመኑ አልፏቸዋል ብሎ ጻፈ። ከዚያ የባሰም ነበረበት፤ አልደግመውም።

ምላሽ 12

ብዙ ሰው በአንድነት ተነሳበት። ታላቅን እንዲህ አይናገሩም፣ ሐሳብ ካለህ በሐሳብ መልስ የሚል ነው የሁሉም መንፈስ። አንዱ ብቻ ልጁን ደግፎ ጋሼም ጥያቄያቸው ሹል ነበር አለ። ሁለቱም ወገን ትንሽ እውነት አለው። እኔ ግን ከጋሼ ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም የሳቸው መልስ የተነሳው መንገዱን ከማየት ነው።

ምላሽ 13

ክርክሩን የቆረጠው አንድ የቂርቆስ ልጅ ነው። ኢ36 ቢኤምደብሊው 328 አለው። ጎረምሳው የመከረውን ዓይነት ነገር ራሱ ሞክሮታል። የሱ መኪና ቦላኖ በሁለት ተከፍሎ መሃሉ ስፕሪንግ ያለበት ዓይነት ነበር። እሱን አውጥቶ ድፍኑን አስገባ፤ ሴራሚክ ዲስክና በጣም ከባድ ፕሬዠር ፕሌትም ጨመረበት። መያዙንስ ያዘ። ግን መኪናዋ ቆማ በባዶ ስትሠራ ካምቢዮው እንደ ልብ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ያን ድምፅ የሚውጠው ስፕሪንግ ወጥቷላ። ከመስቀል አደባባይ ሜክሲኮ እስኪደርስ የግራ ባቱ ይዝላል።

ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከባድ ፕሬዠር ፕሌት በተረገጠ ቁጥር የሞተሩን ክራንክ ወደ ፊት ይገፋዋል። ያን ግፊት የሚሸከም ስስ ብረት አለ፤ ሞተሩ ሳይዞር ደግሞ ዘይት አይደርሰውም። አንድ ቀን መካኒኩ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከፊት ተንበረከከ። ረዳቱ ፔዳሉን ሲረግጥ የፊቱ ፑሊ ወደ ፊት ወጣ፤ ሲለቅ ተመለሰ። በዓይን ይታይ ነበር። ያ እንቅስቃሴ በሚሊሜትር ክፍልፋይ መለካት ያለበት ነው፤ በዓይን ከታየ ሞተሩ ይወርዳል ማለት ነው። ወረደም።

ከዚህ በኋላ ጎረምሳው ጸጥ አለ። በኋላ ላይ ተመልሶ የሚጠይቀውን በጨዋነት ጠይቋል፤ ይህ ያስመሰግነዋል።

ምላሽ 14 እስከ 16

ሶማሌ ተራ ዕቃ እሸጣለሁ ያለ ሰው ኦሪጅናል ፍሪሲዮን በእጁ እንዳለ አስታወቀ። 15ኛው ወዲያው ዘለለበት፤ የናንተ ኦሪጅናል ካርቶኑ ብቻ ነው አለው። ነገሩ ሊከር ሲል ሻጩ ጥሩ መልስ ሰጠ። ካርቶኑን አትዩ፣ ዕቃውን እዩ አለ። የዲስኩ ስፕሪንጎች በእጅ ሲነቀነቁ ልል መሆን የለባቸውም። ሸራውን የያዙት ሪቬቶች ከላዩ በደንብ ጠልቀው መግባት አለባቸው፤ ካልጠለቁ ሸራው ትንሽ ሲያልቅ ቦላኖውን ይጭራሉ። የዲስኩ መሃል ጥርስም ከካምቢዮው ዘንግ ጋር ሳይገጠም ተሞክሮ ያለ ግፊት መንሸራተት አለበት። ይህን ሳያሳየኝ የሚሸጥልኝ ካለ እኔም አልገዛውም ብሎ ጨረሰ። 15ኛው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን መልሶም አልጻፈም።

ምላሽ 17 እና 18

አንድ የኤስኤልኬ 230 ባለቤት የሱ መርሴዲስ ሱፐርቻርጀር ፍሪሲዮን እንደጮኸበት ጻፈ፤ የኔም እንዲሁ ይሆናል ወይ ብሎ ተጨነቀ። 18ኛው በትዕግሥት ለየለት። የመጀመሪያዎቹ ኤስኤልኬ 230ዎች ላይ ሱፐርቻርጀሩን ከቺንጋው ጋር የሚያገናኝና የሚለቅ ኤሌክትሮማግኔት አለ። እሱ ከካምቢዮው ፍሪሲዮን ጋር አይገናኝም። የኔው ኪት ደግሞ ያ ነገር የለውም፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር አብሮ ይዞራል።

ምላሽ 19 እስከ 22

እዚህ ላይ ክሩ ተበላሸ። አንዱ መጣና መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ ሱፐርቻርጀር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ዕብደት ነው፣ ኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የሚባል ጣጣ የለበትም አለ። 20ኛው ስድብ መለሰ። 21ኛው የመብራት መጥፋትን አነሳ። 22ኛው ስለ ነዳጅ ሰልፍ ጻፈ። የመድረኩ ኃላፊ የተወሰኑትን አጠፋ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ክፉ ቃል የለኝም። ግን ነገሩን ከዚያኛው ጎን እዩት። አዲስ ካልገባ ያለነው ባለነው መኪና ነው። ስለዚህ ያለችውን ሳንሰብር፣ በሥርዓት፣ በእውቀት መያዝ አሁን ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋል። ይህን ክር የከፈትኩትም ለዚህ ነው።

ምላሽ 23

ወደ ጉዳያችን የመለሰን አንድ የመካኒካል ምሩቅ ነው። ከፍሪሲዮን በኋላ የሚሰበረው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄዬ የመጣ የመጀመሪያው ቀጥተኛ መልስ ነው። 1ኛ ማርሽ 3.626 ነው፤ የዲፈረንሻሉ ጥርስ 4.1። ሲባዙ 14.87 ይሆናሉ። ሞተሩ የሰጠው 205 ኒውተን ሜትር ዲፈረንሻሉን አልፎ ሲወጣ ወደ 3,050 ይደርሳል፤ በሁለቱ የኋላ አክሰሎች ይከፈላል። ሞተሩ 290 ከሰጠ ከ4,300 በላይ ነው።

ደካማ ፍሪሲዮን እስካሁን እንደ ፊውዝ ሲያገለግል ነበር አለ። ጭነት ሲበዛ እሱ ይንሸራተታል፤ ሌላው ይተርፋል። ፍሪሲዮኑን ስታጠነክረው ያ ማምለጫ ይዘጋል። ድንጋጤው በሙሉ ወደ ካምቢዮው፣ ወደ ዲፈረንሻሉና ወደ አክሰሎቹ ይሄዳል። በተለይ ነዳጅ ረግጦ ፍሪሲዮን በአንዴ መልቀቅ፣ ወይም የኋላ ጎማዎቹ እየዘለሉ ሲነሱ ነዳጅ አለመልቀቅ ዋናው ገዳይ ነው።

ስለዚህ ቅድሚያ የሰጠው ለመያዣ ጎማዎቹ ነው፤ የሞተር መያዣ ጎማ፣ የካምቢዮ መያዣ ጎማ፣ የዲፈረንሻል መያዣ ጎማ። እነዚህ ሲያረጁ ዲፈረንሻሉ ይወዛወዛል፤ መወዛወዙ መዝለልን ያመጣል። ፖሊዩረቴን ቢገባ ይጠነክራል፣ ግን ጩኸቱ ወደ ጋቢና ይገባል። በየቀኑ ለሚነዳ አዲስ የፋብሪካ ጎማ ይበቃል ብሏል። ካምቢዮው የአይሲን ሥራ ነው፤ በዚህ ቶርክ ከአነዳድ በቀር የሚያስፈራው የለም የሚል ግምት ሰጥቷል። እኔም ይህን ግምት እቀበላለሁ።

ምላሽ 24

ዘይት ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዱ ለካምቢዮውም ለዲፈረንሻሉም ጂኤል-5 የሚባለውን የማርሽ ዘይት ደረጃ ሙላ፣ ከፍተኛው እሱ ነው አለ። ሌላው ቁጥሩ ስለበለጠ ለሁሉም ይሻላል ማለት አይደለም ብሎ ቆጣ አለ። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው የሰልፈር ቅመም ለዲፈረንሻል ጥርስ ጥሩ ነው፤ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ግን ሊጎዳ ይችላል። ካምቢዮ ላይ የመኪናው መመሪያ የሚለውን ደረጃ፣ ዲፈረንሻል ላይ ጂኤል-5። ሁለተኛው ትክክል ነው። ድምፁ ግን ያን ያህል መጮህ አልነበረበትም።

ምላሽ 25 እና 26

25ኛው አዲስ ሐሳብ አመጣ። አዲስ አበባ ላይ 0.38 ባር ብቻ ከሆነ ፑሊውን ከሱ በሚያንስ ፑሊ ቀይረውና ሙሉ ጉልበት አውጣ አለኝ። እህታችን ከ4ኛው ምላሽ በኋላ ዝም ብላ ነበር፤ ለዚህ ግን ተመለሰች፤ አጭርና ሹል ነበረች። ግፊቱን እጥፍ የሚያደርግ ፑሊ ብታስገባ እዚህ 152 ኪሎፓስካል ታገኛለህ። አዋሽ ስትወርድ ያው ፑሊ 180 ይሰጥሃል። የሞተሩ ጭመቃ ከፋብሪካው 12.5 ለ 1 ነው። በዚያ ጭመቃ፣ በዚያ ሙቀት፣ በምናገኘው ቤንዚን ፒስተኑ ይቀልጣል፤ ከዚያ ስለ ፍሪሲዮን ማውራት አያስፈልግም። ሱፐርቻርጀሩም ከተፈቀደለት ዙር በላይ ይሽከረከራል። ፑሊ የሚቀይር ሰው ቁልቁል የማይወርድ መሆኑን በጽሑፍ ይፈርም አለች። 25ኛው አመስግኖ ሐሳቡን አነሳ።

ምላሽ 27

ማለማመድን አነሳ። አዲስ ፍሪሲዮን ገብቶ በዚያው ቀን ነዳጅ አይረገጥም። ከ500 እስከ 800 ኪሎሜትር የከተማ አነዳድ ያስፈልገዋል። ማርሽ እየቀያየሩ፣ እየቆሙ፣ እየተነሱ፣ ግን ሳያስጨንቁ። ፈጣን መንገድ ላይ በአንድ ማርሽ የተነዳ ርቀት አይቆጠርም፤ ሸራውና ቦላኖው የሚተዋወቁት በመያዝና በመልቀቅ ነው። የፍሪሲዮኑ የዘይት መስመርም ይታጠብ፣ ዘይቱ ይቀየር፣ አየሩ ይውጣ አለ። ያረጀ ዘይት ሲግል ፔዳሉ ቢረገጥም ፍሪሲዮኑ ሙሉ አይለቅም፤ ማርሽም እየጮኸ ይገባል።

መፈተሻም ሰጠን። በ4ኛ ማርሽ በዝቅተኛ ዙር እየሄድክ ባዶ መንገድ ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጥ። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ካደጉ ይዟል። ዙሩ ለብቻው ከዘለለ እየተንሸራተተ ነው። ይህን ሱፐርቻርጀሩ ከመግባቱ በፊትም፣ ከገባ በኋላም፣ አዲስ አበባ ላይም፣ አዳማ ወርዶም መሞከር ያስፈልጋል።

ምላሽ 28

ይህ የኔ ነው። የወሰንኩትን ጻፍኩ። ኦርጋኒክ ዲስክ። ለ300 ኒውተን ሜትር የሚሆን፣ ከዚያ ያልበለጠ ፕሬዠር ፕሌት። የፋብሪካው ቦላኖ በድንጋይ ተፈጭቶ። ሁለቱም ኩሽኔታዎች፣ ሹካው፣ ኦይል ሲሉ። የዲፈረንሻልና የካምቢዮ መያዣ ጎማዎች አዲስ። ዘይት እንደ መመሪያው። ፑሊ አይነካም። ሱፐርቻርጀሩ የሚገባው ፍሪሲዮኑ ከለመደና በ4ኛ ማርሽ ከተፈተሸ በኋላ ነው። ሥራውን ጋሼ እንዲይዙልኝ ጠየቅኳቸው፤ ፈቀዱ።

ምላሽ 29 እና 30

ጎረምሳው በ29 ላይ የሱ መኪና ቦላኖም ሰማያዊ ነጥብ እንዳለበት ጽፎ የሚፈጭበት ቤት እንዲጠቁሙት ጋሼን ጠየቀ፤ አንቱ ብሎ። ጋሼ በ30 መለሱለት። ቤቱን በውስጥ መልእክት እንደሚነግሩት፣ ቦላኖውን ግን ከመውሰዱ በፊት የማቀኛ ፒኖቹን አውጥቶ፣ የጥርሱን ቀለበት ስንጥቅ አይቶ፣ ቅባቱን በቤንዚን አጥቦ እንዲሄድ አሳሰቡት። ከተፈጨ በኋላም ስንት እንደተነሳለት በማይክሮሜትር እንዲያስለካና ቁጥሩን ጽፎ እንዲያመጣላቸው።